በርጩማውን ማን ሠራው? ስለ ፎርጅድ ጥበብና ስለ ጅማ ጠራቢዎች

(በጅማ ከተማ የሥዕል ተማሪዎች፣ የእንጨት ጠራቢዎችና የስጦታ ዕቃ ነጋዴዎች በተገኙበት ምሽት የተደረገ ንግግር ነው። እንደተነገረ ቀርቧል፤ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ወጥቷል።)

እንደምን አመሻችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ጂርቱ!

ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ቦታ አለ። ግቡ፣ ተጠጉ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ሄርማታ ያለውን ሱቃችሁን በጊዜ ዘግታችሁ የመጣችሁ ነጋዴዎች፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሮና መጥረቢያችሁን አስቀምጣችሁ የመጣችሁ ጠራቢዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዝናቡ አላስቀራችሁም። እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ ፎርጅድ ነው። ስለ ፎርጅድ ብርና ስለ ፎርጅድ ዲግሪ ሌሎች ያውሩ። እኔ ስለ ፎርጅድ ጥበብ ነው የመጣሁት። ሥዕል፣ ሐውልት፣ ብራና፣ በርጩማ። እዚህ ላይ ጥሩ እጅና ክፉ ሐሳብ አንድ ሰው ውስጥ ይገናኛሉ። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳዝነኝ፤ ለዚህም ነው የሚያናድደኝ።

«ጅማ ውስጥ የፒካሶ ሥዕል የሚሸጥ አለ እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ወዳጄ አለ። የለም። ግን በርጩማ ይሸጣል። በርጩማችን ደግሞ አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ሄዷል። በሰው ሳሎን አለ፣ በሙዚየም አለ፣ በጨረታ ቤት አለ። ስለዚህ ታግሳችሁ ስሙኝ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ፎርጅድ የሚሠራ ሰው በእውነት የሚፈጥረው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በምን ይያዛል? ሦስተኛ፣ ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባን? ሦስተኛው ላይ ነው ልቤ ያለው፤ ግን በአንደኛው በኩል ካላለፍን አንደርስበትም።

እሺ፣ አንደኛውን እንጀምር።

መቅዳት ወንጀል አይደለም። ደግሜ እላለሁ፦ መቅዳት ወንጀል አይደለም። ሥዕል የሚማር ልጅ ሁሉ ከሌላ ሰው ሥራ ይቀዳል። እኔም ተማሪዎቼን አስቀዳለሁ። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ለዘመናት የኖረው በመቅዳት ነው። ሮም ከተማ፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት የታወቀች የእመቤታችን ሥዕል አለች። ኢየሱሳውያን የሚባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ቅጂዋን ወደ አገራችን አመጡ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእኛ ሠዓሊዎች ያንን ምስል ተቀብለው በራሳቸው እጅና በራሳቸው ቀለም ደጋግመው ሣሉት። ዓይኑ ተለወጠ፣ ልብሱ ተለወጠ፣ የእኛ ሆነ። ይሄን ፎርጅድ የሚለው ማን ነው? ማንም። ሠዓሊው ማንንም አላታለለም።

ታዲያ ወንጀሉ የት ጋ ነው የሚጀምረው?

አንድ የድሮ ታሪክ ልንገራችሁ። ማይክል አንጄሎን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1496 ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። የተኛ ሕፃን ምስል ከድንጋይ ጠረበ። ምስሉ ከጥንት ሮማውያን ዘመን ጀምሮ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረ እንዲመስል ተደረገ። አንድ ደላላም ሮም ወስዶ ለካርዲናል ራፋኤሌ ሪያሪዮ «ጥንታዊ ነው» ብሎ ሸጠላቸው። ካርዲናሉ ቆይተው አወቁ። ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ምስሉን ለደላላው መልሰው ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ጠራቢውን ግን ወደ ሮም አስጠሩት። እጁን ወደዱት፣ ውሸቱን መለሱት። እኔ ይሄን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ድንጋዩ አንድ ነው፣ እጁም አንድ ነው። የተበላሸው ከድንጋዩ ጋር የተሸጠው ወሬ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው፦ ፎርጅድ ሠሪ ዋናው ምርቱ ታሪክ ነው። «ይሄን እከሌ ሠራው፣ በዚህ ዘመን ሠራው፣ ከእከሌ ቤት ወጣ» የሚል ታሪክ። ሥዕሉ የዚያ ታሪክ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

እናንተ የቡና አገር ሰዎች ናችሁ፤ ይሄን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። የሌላ ቦታ ቡና ጆንያ ውስጥ ከትቶ ላዩ ላይ «ሊሙ» ብሎ የጻፈ ሰው ቡናው ላይ ምንም አላደረገም። የዋሸው ጆንያው ላይ ነው። ግን ገዢው የከፈለው ለጆንያው ጽሑፍ ነው፤ የተጎዳውም በስሙ የተነገደበት የሊሙ ገበሬ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ታሪክ ልግባ። ረዘም ይላል፤ ቢረዝምም ይገባዋል።

ሀን ፋን ሜይኸረን የሚባል ሆላንዳዊ ሠዓሊ ነበር። ተቺዎች ሥራውን አላከበሩለትም፤ ቂም ያዘ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ዮሐነስ ፈርሜር የሚባል ታላቅ የአገሩ ሠዓሊ ነበር። ከፈርሜር ሥራዎች ዛሬ የሚታወቁት 35 ገደማ ናቸው። ጥቂት ናቸው። በወጣትነቱ ምን ሲሠራ እንደነበር ብዙ አይታወቅም። ምሁራን «ምናልባት በዚያ ጊዜ ሃይማኖታዊ ሥዕሎች ሠርቶ ይሆናል» እያሉ ይገምቱ ነበር። ፋን ሜይኸረን ይቺን ክፍተት አያት። ምሁራኑ ሊያገኙት የሚመኙትን ነገር ሠራላቸው።

እንዴት ሠራው? የ17ኛው ክፍለ ዘመን ርካሽ ሥዕል ይገዛል። ቀለሙን ይፍቅና ሸራውን ያስቀራል። የዱሮውን ዓይነት ቀለም ራሱ ፈጭቶ ያዘጋጃል። የዘይት ቀለም በደንብ እስኪደርቅ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ አዲስ ከሆነ በአልኮል ሲነካ ይለቃል። ይሄን ለማለፍ ቀለሙን ከቤክላይት ጋር ቀላቀለው። ቤክላይት የዱሮ ስልክ ቀፎ የሚሠራበት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ከዚያ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ጋገረው። ሸራውን እየጠቀለለ አሰነጣጠቀው፣ ስንጥቁ ውስጥ የዘመናት ቆሻሻ እንዲመስል ጥቁር ቀለም አስገባበት።

እ.ኤ.አ. በ1937 «የኤማሁስ እራት» የሚለውን ሥዕል ይዞ ብቅ አለ። አብርሃም ብሬዲየስ የሚባሉ በዘመኑ እጅግ የተከበሩ አዛውንት ምሁር አዩት፤ የፈርሜር ታላቅ ሥራ ነው ብለው ጻፉ። ሮተርዳም ያለው የቦይማንስ ሙዚየም ገዛው። ሕዝብ ተሰልፎ አየው። እንግዲህ አስቡት! ቤክላይት እያዩ ያለቀሱ ሰዎች ነበሩ ይሆናል። በእነሱ አልፈርድም። ሰው ሲፈልገው የኖረውን ነገር ሲያገኝ ዓይኑ ይዋሻል።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ከፋን ሜይኸረን ፎርጅዶች አንዱ፣ ከናዚ ጀርመን መሪዎች አንዱ በነበረው በሔርማን ጎሪንግ እጅ ገባ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሥዕሉ ተገኘ፤ በማን በኩል እንደተሸጠም ተደረሰበት። በግንቦት 1945 እ.ኤ.አ. ፋን ሜይኸረን ታሰረ። ክሱ ምን ነበር? የአገሪቱን ቅርስ ለጠላት ሸጠሃል የሚል ነው። ከባድ ክስ ነው። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቅርስ አልሸጥኩም፣ ራሴ የሳልኩት ነው» አለ። ማንም አላመነውም። በመጨረሻ በጥበቃ ሥር ሆኖ፣ ሰው እያየው፣ አንድ ተጨማሪ «ፈርሜር» ሣለ። ፖል ኮረማንስ የሚባሉ ቤልጅጋዊ ኬሚስት የመሩት ቡድንም ሥዕሎቹን መርምሮ ቤክላይቱን አገኘ። በ1947 የአንድ ዓመት እስር ተፈረደበት። ቅጣቱን ሳይጀምር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በልብ ሕመም ሞተ።

ብዙ ሰው ይሄን ሰው ጀግና ያደርገዋል። «ናዚን ሸወደ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በግልጽ አልስማማም። የገዛ አገሩን ሙዚየም አታልሏል። አንድን አዛውንት ምሁር በዕድሜያቸው ማብቂያ ላይ አዋርዷል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፈርሜርን ራሱን ጎድቷል። ለዓመታት ምሁራን ስለ ፈርሜር ሲያስተምሩ ፈርሜር ያልሠራውን እየጨመሩ ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ተነስቶ «ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አይልም።

ይሄ የሆላንድ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛን አገር አስቡ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወለደ፣ ጀርመን ተማረ፣ አዲስ አበባ አስተማረ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በስደት አሜሪካ ሞተ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም በ2003 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን አረፈ። ሥራዎቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። እንዲህ ያለ ክፍተት ነው ለፎርጅድ ሠሪ የሚመቸው። «ከጀርመን የመጣ ነው፣ የሟቹ ወዳጅ ዘንድ ነበር» ለማለት ምን ይከብዳል?

ተማሪዬ የነበረ አንድ ልጅ አለ። እጁ ወርቅ ነው። አንድ ቀን አንድ ገዢ መጣና በአንድ የታወቀ ሟች ሠዓሊ ስልት አንድ ሥዕል እንዲሠራለት ጠየቀው። ልጁ ደስ አለው። ከዚያ ሰውየው «ፊርማውን ተወው፣ እኔ አስፈርመዋለሁ» አለው። ሟች እንዴት ይፈርማል? ልጁ እኔ ጋ መጣና «ቲቸር፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። «ሥራው፣ ግን ፊት ለፊት ስምህን ጻፍበት፤ ከዚያ የሚገዛህ እንደሆነ እይ» አልኩት። ስሙን እንደሚጽፍ ሲነግረው ሰውየው ስልክ ማንሳት አቆመ። ያ ሰው ሥዕል ፈልጎ ከነበረ ሥዕሉ ቀርቦለት ነበር። የፈለገው ስም ነው። የልጁን ስም ሰርዞ የሌላ ሰው ስም መሸጥ ነው የፈለገው።

ልጁ ዛሬ እዚህ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱ ያውቃል። (ጭብጨባ)

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። እንዴት ይያዛል?

እዚህ ላይ ፈጠን እላለሁ፤ ምክንያቱም ሳይንሱ ቀላል ነው፣ ከባዱ የሰው ልብ ነው። ዎልፍጋንግ ቤልትራኪ የሚባል ጀርመናዊ ለብዙ ዓመታት የሥዕል ገበያውን በፎርጅድ አታልሏል። ባለቤቱ እንደ ድሮ ሴት ለብሳ አያቷን መስላ ፎቶ ተነሳች፤ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ፎርጅዶቹ ተሰቅለዋል። «የአያቴ ስብስብ ነው» ለማለት። ወሬው እንዴት እንደሚመረት አያችሁ? የተያዘው ግን በነጭ ቀለም ነው። በ1914 ተሣለ የተባለ ሥዕል ላይ ቲታኒየም ነጭ ተገኘ። ያ ቀለም በዚያ ዓመት ለሠዓሊ ገበያ ገና አልወጣም ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

ሾን ግሪንሃልሽ የሚባል እንግሊዛዊ ደግሞ ጓሮው ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ የጥንታዊ ግብፅ ልዕልት ሐውልት ጠርቦ በሻይና በሸክላ አፈር አስረጀው። የቦልተን ሙዚየም በ2003 እ.ኤ.አ. በ440,000 ፓውንድ ገዛው። ቆይቶ የጥንት አሦራውያን ነው ያለውን የድንጋይ ቅርጽ ለሽያጭ ሲያቀርብ ጽሑፉ ላይ የፊደል ስህተት ተገኘበት። ኒውዮርክ ውስጥም ከ160 ዓመት በላይ የቆየ አንድ ታላቅ ጋለሪ ፎርጅዶች ሲሸጥ ኖሮ በ2011 ተዘጋ። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ የሠዓሊው የጃክሰን ፖሎክ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር። በሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ሰው ፊርማውን አላነበበም!

አንድ ሌላ መመርመሪያ ልጨምር፤ ጠራቢዎች ልብ በሉ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተፈተኑት የኒውክሌር ቦምቦች አየሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 የሚባል የካርቦን ዓይነት በጣም ጨምረውት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ያደገ ተክል ያንን ምልክት በውስጡ ይይዛል። ጥጡም፣ ተልባውም፣ ዋንዛውም። ቬኒስ ባለው የጉገንሃይም ስብስብ ውስጥ የነበረ የሠዓሊው የፈርናን ሌዤ ነው የተባለ ሥዕል በ2014 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘዴ ተጋለጠ። ሸራው የተሠራበት ተክል ያደገው ሠዓሊው ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ አምና የተቆረጠ ዋንዛ የፈለገውን ያህል ቢጨስ፣ የፈለገውን ያህል ቅቤ ቢጠጣ፣ ውስጡ ዕድሜውን ይናገራል።

ምርመራ ደግሞ ማዋረድ ብቻ አይደለም ሥራው። ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ለብዙ ጊዜ ከ1100 እ.ኤ.አ. ገደማ በፊት የተጻፉ አይደሉም ይባሉ ነበር። ብራናቸው ኦክስፎርድ ላይ ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቁ ሆነው ተገኙ። እውነተኛ ዕቃ ምርመራን አይፈራም።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። ሦስተኛው።

አጎቴ ጠራቢ ነበሩ። እዚሁ ጅማ። በርጩማ ሲሠሩ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነው ያደግኩት። እዚህ ላሉት ልጆች ልንገር፤ የጅማ በርጩማ ምስማር አያውቅም፣ ሙጫ አያውቅም። ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። መቀመጫውም፣ ሦስቱ እግሮቹም፣ መደገፊያ ካለውም መደገፊያው። ሦስት እግር የሆነበትም ምክንያት አለው፤ ወጣ ገባ መሬት ላይ ቢያስቀምጡት አይነቃነቅም። አጎቴ ግንዱን ገና ሲያዩት በርጩማው የት ጋ እንዳለ ያውቁ ነበር።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አንድ ነጋዴ መጣ። በርጩማዎቹን አየ፣ አደነቀ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ፋዘር፣ እነዚህ አዲስ ናቸው። አሮጌ ሲሆኑ ዋጋቸው ሌላ ነው። ትንሽ አስረጃቸው።»

አጎቴ አልገባቸውም። «እንዴት ነው የማስረጃቸው? ተቀምጠህባቸው ያረጃሉ እኮ» አሉት።

ሰውየው ዘዴውን ሁሉ ያውቃል። ጣራ ሥር ሰቅሎ ማጨስ። ፍግ ውስጥ መቅበር። ቅቤና ጥላሸት ለውሶ መቀባት። አንዱን እግር ሰንጥቆ በቆርቆሮና በሽቦ መጠገን፣ የተጠገነ ዕቃ ያረጀ ይመስላልና። ጠርዙን በድንጋይ መፈግፈግ።

አጎቴ ዝም ብለው ሰሙትና፣ «ልጄ፣ እኔ እግሩን አስተካክዬ ለማውጣት ስንት ደከምኩበት፤ አንተ ስበረው ትለኛለህ?» አሉት። ሰውየው ሄደ። በርጩማውን የሚሰብርለት ሌላ ሰው አላጣም። ደግሞ ያንን ሌላ ሰው አልወቅስም። ልጆች ነበሩት፣ ክረምት ነበር፣ ገበያ አልነበረም። ግን ይሄንን አስቡልኝ፦ «ስበረው» የሚል ነጋዴ በርጩማውን ብቻ አይደለም የሚሰብረው። ሠሪውን ነው የሚያጠፋው። አሮጌ ነው ከተባለ ሠሪው ሞቷል ማለት ነዋ! ሠሪው በሕይወት እያለ፣ እዚያው አጠገቡ ቆሞ ላቡን እየጠረገ፣ እንደሞተ ተቆጠረ።

እዚህ ላይ ነው ከሆላንዱ ሰውዬ የምንለየው። ፋን ሜይኸረን በራሱ ፈቃድ ስሙን ደበቀ፣ ሀብትም አገኘ። የእኛ ጠራቢ ግን ስሙን ሌላ ሰው ነው የሚደብቅበት፤ ገንዘቡንም ሌላ ሰው ነው የሚወስደው። የውጭ ሙዚየሞች ውስጥ በአፍሪካ የእንጨት ሥራ ሥር በተደጋጋሚ የምታነቡት ምንድን ነው? «ሠሪው ያልታወቀ።»

ከዚያም አልፎ የአባ ጅፋርን ስም የሚነግዱ አሉ። «ይሄ ከአባ ጅፋር ቤት የወጣ ነው» የተባለ በርጩማ በየሱቁ አይቻለሁ። ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ገዝተዋል። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ አለ፣ የተጠቀሙባቸው ዕቃዎችም ከተማችን ሙዚየም ውስጥ አሉ። የእሳቸውን ዕቃ ማየት የሚፈልግ ሰው እዚያ ይሂድ። በሐሰት ስማቸው የተለጠፈበት ዕቃ ሁሉ የእውነተኛውን ዕቃ ክብር ይቀንሳል። ነገ የልጅ ልጆቻችን «የዱሮ የጅማ አጠራረብ ምን ይመስል ነበር?» ብለው ሲጠይቁ የቱን እናሳያቸዋለን? የጨሰውን ወይስ የኖረውን?

ይሄ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ደርሷል። እንግሊዝ አገር ጆን ድሩ የሚባል ሰው፣ ጆን ማያት የሚባል ሠዓሊ የሠራቸውን ፎርጅዶች ይሸጥ ነበር። ማያት አንዳንዶቹን የሠራው ተራ የግድግዳ ቀለም ተጠቅሞ ነው። ታዲያ እንዴት ተሸጡ? ድሩ ትልልቅ ሙዚየሞች መዝገብ ቤት ገብቶ የሐሰት ሰነድ እየሰካ ይወጣ ነበር። ሌላው ሰው ከመዝገብ ቤት ይሰርቃል፤ እሱ መዝገብ ቤት ይጨምራል! በ1999 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ተፈረደባቸው። ሥዕሎቹ ሊለቀሙ ይችላሉ። የተመረዘ መዝገብ ግን ማን ያጠራዋል? የእኛም የብራና መጻሕፍት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። ለቱሪስት ገበያ ተብሎ ሥዕል ባልነበረበት አሮጌ ብራና ላይ፣ ጽሑፉ ላይ ሳይቀር፣ አዲስ ሥዕል የተሣለባቸው አሉ። ሥዕሉ ሐሰት ነው፤ ከሥሩ የጠፋው ጽሑፍ ግን እውነት ነበር።

ስለ ሕጉ ለነጋዴዎች አንድ ነገር ልበል። ሰውን በሐሰት ወሬ አሳስቶ ገንዘቡን መውሰድ በወንጀል ሕጋችን የማታለል ወንጀል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እንግዲህ አዲሱን በርጩማ «የመቶ ዓመት ዕድሜ አለው» ብላችሁ ለቱሪስት ሸጣችሁ እንበል። ቱሪስቱ ቦሌ ሲደርስ ዕቃው ይፈተሻል። እውነት አሮጌ ከሆነ ቅርስ ነው፣ ፈቃድ ይጠየቃል። አዲስ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ተታሏል። በየትኛው ነው የምትወጡት? በየትኛውም አትወጡም።

የፎርጅድ መንገድና የሌባ መንገድ ደግሞ አንድ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፤ በ2001 ነው የተመለሰው። ከየት መጣ ብሎ የማይጠይቅ ገበያ የተሰረቀውንም ይገዛል፣ ፎርጅዱንም ይገዛል። እኛ በበርጩማ ለዚያ ገበያ ሰው ባስለመድን ቁጥር ነገ ከሙዚየማችን የሚሰረቀውን ዕቃ መንገድ እየጠረግንለት ነው።

«እሺ፣ ምን እናድርግ? በአዲስ ዕቃ ማን ይከፍለናል?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። ሆድ በወሬ አይሞላም።

ማያት ያን ጊዜ ከእስር ሲወጣ ምን አደረገ መሰላችሁ? መሣሉን ቀጠለ። የታላላቆችን ሥራ ይቀዳል፣ ግን የራሱ ቅጂ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ይሸጣል። ሰው ይገዛዋል! እጁ ያው እጅ ነው፤ ውሸቱ ሲወጣለት ሥራ ሆነ።

የእኛን ደግሞ ስሙ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ነበር። ጣና ሐይቅ ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለ ሥዕል ላይ የሠራው እሱ መሆኑ ተጽፏል። አንዲት መስመር ናት። ከ500 ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ ጅማ ላይ ስሙን የጠራሁት በዚያች መስመር ነው። በዚያች መስመር ተነስተው ምሁራን ሌሎች ሥዕሎችን ከእሱ እጅ ጋር ያስተያያሉ። የስንቱ ጎበዝ ሠዓሊ ስም ደግሞ ሳይጻፍ ቀረ!

ስለዚህ ጠራቢዎች፣ ወንድሞቼ፣ ስማችሁን ጻፉ! ከመቀመጫው ሥር፣ በመሮ ጫፍ። ስም፣ ጅማ፣ ዓመተ ምህረት። ሌላ ምንም አያስፈልግም። በቀለም አይሁን፣ በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል፤ ጠልቆ ይጠረብ። ከመሸጣችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሥሩንም ጭምር። የቅጂና የተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሠራ ሰው ሠሪ ተብሎ የመጠራት መብት እንዳለው ያውቃል። መብቱ አለ፤ የቀረው እኛ መጻፋችን ነው።

ነጋዴዎች፣ እናንተ ደግሞ «አሮጌ ነው» ማለት ትታችሁ «ይሄን የሠሩት እኚህ ሰው ናቸው፣ ሠፈራቸውም እዚህ ነው፣ ከፈለጋችሁ ሲሠሩ ላሳያችሁ» ብላችሁ ሞክሩ። ቱሪስት እንደዚህ ያለ ነገር ይወዳል። አሮጌ ዕቃ አንዴ ነው የሚሸጠው፤ የሚታወቅ ሠሪ ግን በየዓመቱ ይሸጣል። ተማሪዎች፣ ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ እግራችሁንና እስክሪብቷችሁን ነው። በየሠፈሩ ያሉትን ሽማግሌ ጠራቢዎች ፈልጉ። ማን አስተማራቸው፣ ምን ዓይነት እንጨት ይመርጣሉ፣ የእግሩን ቅርጽ ከማን ወረሱ፣ ጠይቃችሁ ጻፉ። ደላላ የሚገባበትን ክፍተት የምንዘጋው በዚህ ነው።

በር ላይ አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ አስቀምጠናል። ጠራቢ የሆናችሁ ሁሉ ስትወጡ ስማችሁን፣ ሠፈራችሁንና የተማራችሁበትን ሰው ስም አስመዝግቡ። የሞቱትንም አስመዝግቡ። መጻፍ ለሚከብዳቸው አባቶች ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠው ይጽፉላቸዋል። በኦሮምኛም በአማርኛም፣ እንደፈለጋችሁ። በርጩማ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ አለፍ ብሎ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ፎቶ ይነሳል።

አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ከፊት ካሉት አባቶች እንጀምር። አመሰግናለሁ። ገለቶማ።